ለቤት የኔትወርክ ማከማቻ የዲስክ አደረጃጀት እንዴት እንደሚመረጥ

ጎንደር ውስጥ የሚኖር ቤተሰብ በየስልኩና በየፍላሹ የበተነውን የጥምቀትና የሰርግ ቪዲዮ፣ የልጆች ፎቶና የቤት ሰነድ፣ ከራውተሩ ጋር በኬብል በተገናኘ አንድ የጋራ ማከማቻ ላይ ሊሰበስበው ይችላል። ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ግን ዲስኮቹ እንዴት እንደሚደራጁ መወሰን አለበት፤ መረጃ ከተጫነ በኋላ አደረጃጀቱን መለወጥ ብዙውን ጊዜ ሁሉንም አውጥቶ እንደገና መጫንን ይጠይቃልና።

በመጀመሪያ ያለዎትን ፋይል መጠን ደምረው የመጪዎቹን ዓመታት ጭማሪ ያስቡ። ዛሬ 1.5 ቴራባይት ያለው ቤት 4 ቴራባይት ቢያዘጋጅ አይቆጨውም።

ቀጥሎ አደረጃጀቱን ይምረጡ፤ ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የማደራጃው ዘዴ ሬይድ ይባላል፣ ዓይነቶቹም በቁጥር ይለያሉ። ሬይድ 0 ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮችን እንደ አንድ ባለ 8 ያደርጋቸዋል፤ ነገር ግን አንዱ ሲበላሽ ሁሉም ስለሚጠፋ ለቤተሰብ ማኅደር ፈጽሞ አልመክረውም። ሬይድ 1 ያንኑ መረጃ በሁለቱም ላይ ስለሚጽፍ የሚገኘው ቦታ 4 ቴራባይት ብቻ ቢሆንም፣ አንዱ ቢሞት ሌላው ሙሉውን ይዞ ይቆያል። ሬይድ 5 ቢያንስ 3 ዲስክ የሚፈልግ ሲሆን ከሦስት ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮች 8 ቴራባይት ይሰጣል፣ የአንድ ዲስክ ብልሽትም ይችላል። ይሁን እንጂ የተበላሸው ሲተካ የቀሩት ዲስኮች ከዳር እስከ ዳር ተነብበው የጎደለው እንደገና መሰላት ስላለበት ሥራው ብዙ ሰዓት ይወስዳል፤ በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ ደግሞ በአንዳንድ ሲስተሞች መረጃውና የማረሚያው ስሌት (የጎደለው መረጃ የሚመለስበት) ሊለያዩ ይችላሉ። መብራት ሳይታሰብ ለሚጠፋበት ቤት ሬይድ 1ን የማስቀድመው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባለ ባትሪ መሣሪያ ነው። መግዛቱ ብቻ አይበቃም፤ በዩኤስቢ ገመድ ከማከማቻው ጋር ተገናኝቶ፣ ባትሪው ከማለቁ በፊት ማከማቻው ራሱን በሥርዓት እንዲያጠፋ መስተካከል አለበት።

ዲስክ ሲገዙ የመረጃ መስመሮችን እርስ በርስ ደራርቦ የሚጽፈውን፣ ኤስኤምአር (SMR) የሚባለውን ዓይነት ይተዉ፤ ርካሽ ቢሆንም ለረጅም ጊዜ ሲጻፍበት እጅግ ይዘገያል። የዲስክ ማንበቢያ በስስ የአየር ሽፋን ላይ የሚንሳፈፍ በመሆኑ አምራቾች የከፍታ ገደብ ያስቀምጣሉ፤ ገደቡ በተለምዶ ወደ 3,000 ሜትር ስለሆነ ከ2,100 ሜትር በላይ ያለችው ጎንደር አታሰጋም።

ሬይድ መጠባበቂያ ቅጂ አለመሆኑን አጥብቄ አሳስባለሁ። በስህተት የተሰረዘ ፎቶ ከሁለቱም ዲስኮች እኩል ይሰረዛል፤ ሌባም ሁለቱን አንድ ላይ ይወስዳል። ስለዚህ ሦስተኛ ዲስክ ገዝተው በየወሩ ይቅዱበት፤ ቤትዎ ፒያሳ ከሆነ ዲስኩ አዘዞ ባለ ዘመድ ቤት ይቀመጥ። ከስልክዎ ላይ ምንም ነገር ከማጥፋትዎ በፊትም ከዚያ ቅጂ ጥቂት ቪዲዮዎችን መልሰው ከፍተው፣ እስከ መጨረሻው መጫወታቸውን ያረጋግጡ።