ባላንስ ሻፍት ሲወጣ የሚሠሩ ስህተቶች

ባለ አራት ሲሊንደር ሞተርን ለፍጥነት የሚያዘጋጁ ብዙ ሰዎች ባላንስ ሻፍቱን፣ ማለትም የሞተሩን ንጠት ለማጥፋት በውስጡ የሚዞሩትን ሁለት ዘንጎች፣ ለማውጣት ይቸኩላሉ። ዘንጎቹን ማውጣት በራሱ አይከብድም። ሞተሩን ለሞት የሚዳርገው ከዘንጎቹ ጋር ተያይዞ የነበረውን የዘይት መንገድ መርሳት ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ዘንጎቹን እንደ ትርፍ ብረት መቁጠር ነው። በእነዚህ ሞተሮች ሁለት ፒስተኖች ሲወጡ ሁለቱ ስለሚወርዱ ዋናው ኃይል እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ነገር ግን ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) ጋር የሚያገናኘው ቢየላ እያዘነበለ ስለሚሠራ ፒስተኑ በላይኛው የጉዞው አጋማሽ ከታችኛው ይልቅ ይፈጥናል። ከዚህ ልዩነት የሚመጣው ኃይል በአራቱም ሲሊንደሮች ተደምሮ፣ ክራንክ ሻፍቱ አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር ሞተሩን ሁለት ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ይንጠዋል። ሁለቱ ባላንስ ሻፍቶች በክራንክ ሻፍቱ እጥፍ ፍጥነት፣ አንዱ ከሌላው በተቃራኒ እየዞሩ የሚያጠፉት ይህንን ኃይል ነው። የሞተሩ ዙር በእጥፍ ሲጨምር ንጠቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ፒስተኑ ሲከብድና ጉዞው ሲረዝምም ያድጋል። ስለዚህ የሞተሩ መጠን ወሳኝ ነው። ሁለት ሊትር የሆነው የሆንዳ ኤስ2000 ሞተር ያለ ባላንስ ሻፍት ወደ 9,000 ዙር ይጠጋል፤ ፖርሽ ግን ለ944 መኪናው 2.5 ሊትር ሞተር የሚትሱቢሺን የባላንስ ሻፍት ሥርዓት በፈቃድ ወስዶ ተጠቅሟል። የስፖርት መኪና ሠሪ ያለ ምክንያት እንዲህ አያደርግም።

ብዙ የፈረስ ጉልበት መጠበቅም ስህተት ነው። የሚገኘው ጭማሪ ትንሽ ነው፤ እርሱም በአብዛኛው በከፍተኛ ዙር ላይ። ጠንካራው ምክንያት ዕድሜ ነው። ሞተሩ በ7,000 ዙር ሲሄድ ዘንጎቹ 14,000 ይዞራሉ፤ የሚዞሩበት መቀመጫ የሆነው ኩሽኔታቸውም ይህንን ሁሉ ይሸከማል። በሚትሱቢሺ 4ጂ63 ሞተር ላይ ደግሞ አንዱን ዘንግ የሚያዞረው ቀጭን ቤልት ሲበጠስ የቫልቮቹን ጊዜ ከፒስተኖቹ ጋር ከሚያስማማው ታይሚንግ ቤልት ጋር ሊጠላለፍና ቫልቮቹን ከፒስተን ጋር ሊያጋጭ ይችላል። እኔን የሚያሳምነኝ ምክንያት ይህ ነው።

ያንን ቤልት ብቻ አውጥቶ ሌላውን ዘንግ እየዞረ መተው ግን ከሁሉም የከፋ ግማሽ ሥራ ነው። ሁለቱ ዘንጎች በተቃራኒ የሚዞሩት ወደ ጎን የሚገፉት ኃይል እንዲጠፋፋ ነው። አንዱ ብቻውን ሲቀር ወደ ላይና ወደ ታች ያለውን ንጠት በሙሉ አያጠፋም፤ በዚያ ላይ ቀድሞ ያልነበረ የጎን ንጠት ይጨምራል። ወይ ሁለቱም ይውጡ፣ ወይ ሁለቱም ይቆዩ።

አሁን ወደ ዘይቱ። የባላንስ ሻፍት ኩሽኔታዎች ዘይት የሚያገኙት ከሞተሩ ዋና የዘይት መስመር ነው። ዘንጉ ወጥቶ ቀዳዳው ክፍት ከቀረ ዘይቱ በዚያ ይፈስሳል፤ የክራንክ ሻፍትና የቢየላ ኩሽኔታዎች ግፊት ያጥራቸዋል፤ ይህም በተለይ ሞተሩ ሞቆ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ይብሳል። በ4ጂ63 የተለመደው መፍትሔ ኩሽኔታውን አውጥቶ ቀዳዳው ከመስመሩ ጋር እንዳይገጥም አዙሮ መልሶ መምታት ነው። ቀዳዳውን የቡሎን ጥርስ አውጥቶለት በቡሎን የሚደፍን ሰው ደግሞ ርዝመቱን አስቀድሞ ይለካ፤ ረዘም ያለ ቡሎን ዋናውን መስመር ራሱን ሊያንቅ ይችላል። ጥርስ ሲወጣ የሚረግፈው የብረት ብናኝም ሞተሩ ከመገጠሙ በፊት ከመስመሩ ውስጥ ታጥቦ መውጣት አለበት።

በትክክል ሲደፈን ተቃራኒው ችግር ሊመጣ ይችላል። የዘይቱ መውጫ ሲቀንስ ግፊቱ ይጨምራል፤ በ4ጂ63 ላይ የግፊት መልቀቂያውን መንገድ ማስፋት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። በዳሽቦርዱ መብራት ላይ መተማመን አይበቃም። በሜካኒካል መለኪያ ከማውጣት በፊትና በኋላ፣ በቀዝቃዛና በሞቀ ሞተር ይለካ።

የዘይት ፓምፑ ከዘንጉ ጋር ያለውን ግንኙነት ሳያዩ መፍታትም ብዙ ሥራ ያበላሻል። በ4ጂ63 አንደኛው ባላንስ ሻፍት ከፓምፑ ጥርስ ጋር የታሰረ ስለሆነ በቦታው አጭር ምትክ ዘንግ ይገባል። በሆንዳ ኬ24 ሞተር ፓምፑና ዘንጎቹ በዘይት ገንዳው ውስጥ አንድ አካል ናቸው፤ እዚያ የሚደረገው ባላንስ ሻፍት ከሌለው የሆንዳ ኬ20 ሞተር ፓምፕ አምጥቶ አስማምቶ መግጠም ነው። ከገንዳው ውስጥ ትልቅ አካል ሲወጣ የዘይቱ ከፍታ ስለሚወርድ መጠኑ እንደገና መታየት አለበት።

ስለ አራት ሲሊንደር የተባለውን ለሦስት ሲሊንደር መውሰድ አይገባም። በዚያ ዘንጉ በክራንክ ሻፍቱ ፍጥነት እየዞረ የሚያጠፋው የሞተሩን ዳርና ዳር መወዛወዝ ነው። በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ያለው ጎማ ያለበት ፑሊም ሌላ ነገር ነው፤ እርሱ የክራንክ ሻፍቱን መጠማዘዝ የሚያበርድ ስለሆነ ባላንስ ሻፍት ወጣ ተብሎ በቀላል ብረት መተካት የለበትም።

በመጨረሻ ዘንጎቹን አውጥቶ በዚያው ቀን የሞተር መያዣ ጎማዎቹን በጠንካራ ፖሊዩሬቴን መለወጥ አለ። ንጠቱ በሙሉ ወደ መኪናው አካል ይገባል፤ የጭስ ማውጫ መያዣዎችና የቱርቦ የዘይት ቱቦዎች ሊሰነጠቁ፣ ቡሎኖች ሊላሉ ይችላሉ። ነዳጁ በሲሊንደሩ ውስጥ ከቁጥጥር ውጭ ሲቀጣጠል የሚፈጠረውን ምት (ኖክ) የሚያዳምጠው የኖክ ሴንሰርም አዲሱን ንጠት እንደ ኖክ አንብቦ ኮምፒውተሩ ማቀጣጠያውን እንዲያዘገይ ሊያደርግ ይችላል፤ ያኔ የተጠበቀው ጉልበት ይቀንሳል። ይህንን ለመለየት ከሥራው በፊትና በኋላ በተመሳሳይ ነዳጅ የማቀጣጠያውን መረጃ ቀድቶ ማነጻጸር፣ የሞተር መያዣዎቹንም ከዚያ በኋላ ብቻ መለወጥ ይሻላል።