ከፎቶ ቀለም የምትሠሩት አርት አመድ የሚመስለው ለምንድነው? ችግሩና መፍትሄው

ፒፋይቭ (p5.js፣ በጃቫስክሪፕት ኮድ ሥዕል መሥሪያው) ላይ ፎቶ መጫንና ፒክስል ማንበብ የምትችሉ ናችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

ትንንሾቹን ቶሎ ልበላቸው። ሁሉም ጥቁር ከሆነባችሁ ፎቶው ተጭኖ ሳያልቅ ነው ያነበባችሁት። ፎቶው ይታያል ግን ፒክስሉን አላስነብብ ካለ ከሌላ ሳይት በሊንክ ስለጠራችሁት ብራውዘሩ ከልክሎ ነው፣ ዳውንሎድ አርጋችሁ ከራሳችሁ ሰርቨር ጫኑት። ባለቤቱንም አስፈቅዱ እባካችሁ!

አሁን ወደ ዋናው። ፎቶው ቦግ ያለ ነው፣ የወጣው አርት ግን ግራጫና ቡኒ ብቻ። ይሄ ነው ሁሌ የሚመጣብኝ። ደብረ ብርሃን አንድ ልጅ የአንኮበር መንገድ ላይ መስከረም የተነሳ የአደይ አበባ ፎቶ ይዞ መጣ፣ ከታች ቢጫ ከላይ ጥርት ያለ ሰማይ፣ ፎቶውን በካሬ በካሬ ከፋፍሎ የየካሬውን አማካይ ቀለም ወስዷል፣ እና አበባውና ሰማዩ የሚገናኙበት መስመር በሙሉ አመድ ሆኖ ቁጭ። ስክሪኑ ነው ብለውት ሊያስቀይር ነበር እኮ! ስክሪኑ ምንም አላረገም፣ ሂሳቡ ነው። በቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ መጠን (ከ0 እስከ 255) ስናየው ንጹህ ቢጫ 255፣ 255፣ 0 ነው፣ ንጹህ ሰማያዊ 0፣ 0፣ 255 ነው፣ ደምራችሁ ለሁለት ስታካፍሉት ሦስቱም 128 አካባቢ ይመጣሉ፣ ያ ደግሞ ግራጫ ነው። በሂዩ (የቀለሙን ዓይነት ከ0 እስከ 360 ባለ ዲግሪ በሚናገረው ቁጥር) አማካይ ልውሰድ ካላችሁ ይብሳል፣ ሂዩ ክብ ስለሆነ 10ም 350ም ቀይ ሆነው አማካያቸው 180 ይወጣል፣ ሲያን (አረንጓዴና ሰማያዊ የተቀላቀለበት)!

መፍትሄው አማካይ መተው ነው። ቀለሞቹን ወደ ላብ (Lab፣ የቀለሞች ልዩነት ዓይናችን እንደሚያየው የሚለካበት የቀለም አጻጻፍ) ቀይራችሁ በኬ-ሚንስ (k-means፣ የሚቀራረቡትን አንድ ላይ የሚመድብ ስሌት) መድቧቸው፣ ከየምድቡም መሀሉን ሳይሆን ለመሀሉ የቀረበውን እውነተኛ ፒክስል ውሰዱ። ለፍጥነት ብላችሁ ፎቶውን አታሳንሱ፣ ማሳነስ ራሱ ብዙ ጊዜ ቀለም ያማክላል፣ ይልቅ በየ10 ፒክስሉ እየዘለላችሁ አንብቡ።

ይሄን አርጋችሁም ትንሹ ቀለም ሊጠፋ ይችላል። የመንዝ ጓሳን ፎቶ አስቡት፣ ሣር፣ ሣር፣ ሣር፣ መሀል ላይ ደረቱ የቀላ አንድ ጭላዳ። በፒክስል ብዛት ከመረጣችሁ አምስት ዓይነት የሣር ቀለም ይዛችሁ ትቀራላችሁ፣ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፍበት ቀይ ግን የለም። ምድቡን 16 አርጉት፣ ከዛ ስትመርጡ ብዛቱን ስኩዌር ሩት አውጥታችሁ በቀለሙ ድምቀት (ብርሃኑ ሳይሆን ከግራጫ በራቀበት መጠን) አባዙት፣ ቀዩ ወደ ላይ ይወጣል።

ስክሪንሾት አታምጡ! በቴሌግራም ስትልኩም በፋይል ላኩ። ጄፔግ (የተለመደው የተጨመቀ ፎቶ ፋይል) ብርሃኑን ይጠብቅና ቀለሙ ላይ ይቆጥባል፣ ብዙ ጊዜ ለአራት ፒክስል አንድ ቀለም ነው የሚይዘው፣ በተላላከ ቁጥር ደግሞ ይባስ እየተጨመቀ ያ ትንሽ ቀይ ሣሩ ውስጥ ይፈሳል፣ አንዴ ከፈሰሰ ኬ-ሚንስም አያድነውም።

ስትስሉ ግን ቀዩን ከሣሩ እኩል አታብዙት፣ ለመምረጥ ከፍ ያረጋችሁትን ክብደት ትታችሁ በፎቶው ላይ ባለው ድርሻ በትኑት።