አንዱ ትከሻ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ሲል፦ የስኮሊዮሲስ ችግርና መፍትሄ

ስኮሊዮሲስ አከርካሪ ወደ ጎን ሲጣመም ነው፤ ሲጣመምም እንደ ገመድ በራሱ ላይ ይዞራል። ወደ ፊት መጉበጥ ሌላ ነው። ከ10 ታማሚ 8 ያህሉ ምክንያቱ አይታወቅም። አብዛኛው የሚታየው ከ10 ዓመት በኋላ፣ ልጅ ቶሎ ቶሎ ቁመት በሚጨምርበት ጊዜ ነው። የደብተር ቦርሳም ሆነ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማዘል ጀርባ ያሳምማል እንጂ ስኮሊዮሲስ አያመጣም። ስለዚህ «ውሃ ያስቀዳኋት እኔ ነኝ» ብላ የምትጸጸት እናት ጥፋት የለባትም።

ምልክት፦ ዩኒፎርሟ በአንድ በኩል ያጥራል፣ ነጠላዋ ሁልጊዜ ከአንድ ትከሻ ይንሸራተታል

ቤት ውስጥ የሚደረገው ፍተሻ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ልጅቷ ጀርባዋን ገልጣ፣ ጫማ አውልቃ፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ ትቁም፤ ኮብልስቶን ላይ አይሆንም። እግሯን አጋጥማ፣ ጉልበቷን ሳታጥፍ፣ መዳፎቿን አገናኝታ ቀስ ብላ ታጎንብስ። እናንተ ከኋላዋ ዝቅ በሉና ዓይናችሁን ከጀርባዋ እኩል አድርጉ። በአንድ በኩል ጎድኗ ወይም ወገቧ ጉብ ካለ አከርካሪው ዞሯል ማለት ነው።

መጠኑን ለማወቅ ስልክ ላይ ያለው የውሃ ልክ (ዝንባሌ የሚለካ አፕ) ይበቃል። ስልኩን በጉብታው ላይ አግድም አስቀምጡ፤ መሐሉ ላይ ያለው የአከርካሪ አጥንት እንዳይገፋው ከስር በሁለት አውራ ጣት ከፍ አድርጋችሁ ያዙት። ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ካዘነበለ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ይህ የጀርባው ዝንባሌ ነው፤ በራጅ ከሚለካው የጥመት ዲግሪ ጋር አታምታቱት።

እንደ ግንበኛም ቱምቢ ጣሉ። ክር ላይ ቁልፍ አስራችሁ ከማጅራት ስር ጎላ ብሎ ከሚዳሰሰው አጥንት ላይ ልቀቁት። ክሩ በመቀመጫዋ መሐል ካልወረደ ሰውነቷ ወደ አንድ ጎን አድልቷል።

ቆማ የታየው ጥመት ስትቀመጥ የሚጠፋ ከሆነስ? ያን ጊዜ እግሯን ጠርጥሩ፤ አንዱ አጥሮ ይሆናል። ዳሌዋ እስኪስተካከል ድረስ በአጭሩ እግር ስር ስስ ጣውላ ደርድሩና ውፍረቱን ለኩ። መጀመሪያ የዚያን ግማሽ ብቻ ጫማዋ ውስጥ ማስገባት ይሻላል። ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ተረከዟን ከጫማው ያስወጣዋል፤ ጫማ ሰፊ ከሶሉ በታች ይጨምርላት።

ምልክት፦ የራጁ ውጤት በየጊዜው ይለያያል

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አነሳሱ ነው። ሰው ሲተኛ ጥመቱ ይቀንሳል፤ ተኝታ የተነሳችው ራጅ ያሻላት ይመስላል። ያንኑ ፊልም ሁለት ሰው ቢለካውም እስከ 5 ዲግሪ ይለያያል። «ከ28 ወደ 24 አወረድኩላት» የሚል ሰው ምንም ላያወርድ ይችላል።

ቆማ፣ ከአንገት እስከ ዳሌ፣ ከኋላ ወደ ፊት እንዲነሳ ጠይቁ፤ እንዲህ ሲሆን ጡት ላይ የሚያርፈው ጨረር ይቀንሳል። የድሮውን ፊልም አትጣሉ፣ አዲሱ የሚለካው ከእሱ ጋር ተነጻጽሮ ነው። ከ10 ዲግሪ በታች ስኮሊዮሲስ አይባልም። እያደገች ያለች ልጅ እስከ 25 ድረስ በየ4 እስከ 6 ወሩ ትታያለች። ከ25 እስከ 40 ብሬስ (ገላን ደግፎ የሚይዝ የፕላስቲክ መደገፊያ) ይታዘዛል፤ ከ45 እስከ 50 ሲያልፍ ስለ ቀዶ ሕክምና መነጋገር ይጀመራል።

ምልክት፦ ጀርባዋን ሲያሹላት ሕመሙ ይቀላል፣ ጥመቱ ግን ይቀጥላል

ብዙ ገንዘብና ብዙ ጊዜ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ካይሮፕራክቲክ በ1895 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ አዮዋ፣ ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር በተባለ ሰው የተጀመረ፣ መጋጠሚያን በእጅ ፈጠን አድርጎ የመግፋት ሙያ ነው። ቋ የሚለው ድምፅ ከመጋጠሚያ ፈሳሽ ውስጥ የሚወጣ አየር ነው፤ አጥንት ቦታው ገባ ማለት አይደለም። የታሰረ ጡንቻ ይላላል፣ ሕመም ይቀንሳል፤ በተለይ ለአዋቂ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጥመቱ ግን ከአጥንቱ እድገት ጋር የሚሄድ ስለሆነ በመግፋት እንደሚቃና የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። ወጌሻም ቢሆን ያው ነው፤ ለወለምታ እጁ ቢባረክም ይህ ወለምታ አይደለም።

መሄድ ከፈለጋችሁ ለሕመሙ ሂዱ። ራጁን ሳያይ የሚነካን፣ የ30 ቀጠሮ ክፍያ አስቀድሞ የሚጠይቅን፣ ብሬሱን አውልቁ የሚልን ትታችሁ ውጡ። አንገት በኃይል ማዞርን እንቢ በሉ። ከአራት ወይም ከአምስት ጊዜ በኋላ ሕመሙ ካልቀለለ አቁሙ።

ጨርሶ የማይነካ ጀርባም አለ። ወደ ኋላ ሹል ብሎ የወጣ አጥንት፣ ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ እሱን መጫን ለሽባነት ሊዳርግ ይችላል። እግር ሲዝል፣ ሽንት መቆጣጠር ሲያቅት፣ ሕመሙ ከእንቅልፍ ሲቀሰቅስ ነገ አይባልም፤ ባሕር ዳር ላላችሁ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል በዚያው ቀን መድረስ ያስፈልጋል። የደረቱ ጥመት ወደ ግራ ከሆነ ደግሞ ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ የውስጥ አካል ምስል) ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ፤ የተለመደው ወደ ቀኝ ነው።

ምልክት፦ ብሬሱን አልለብስም ትላለች

የባሕር ዳር ሙቀት ከመጋቢት እስከ ግንቦት ፕላስቲክ ለለበሰ ሰው ቀላል አይደለም፤ ልጅቷ ብታማርር እውነቷን ነው። ግን በ2013 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ብሬስ ካደረጉት 72 በመቶው እድገታቸውን ሲጨርሱ ጥመታቸው ከ50 ዲግሪ በታች ነበር፤ ካላደረጉት ግን 48 በመቶው ብቻ። የታዘዘላቸው ቢያንስ 18 ሰዓት በቀን ሲሆን፣ ብዙ ሰዓት የለበሱት የበለጠ ተጠቅመዋል።

በቀን ሁለት ሰዓት በመልበስ ጀምራ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሙሉ ሰዓቱ ላይ ትድረስ። ከስር ስፌቱ የማይቆረቁር፣ ገላ ላይ የሚጣበቅ የጥጥ ካናቴራ ታድርግ፤ በሙቀት ወራት በቀን ሁለት ጊዜ ይቀየር። ቫዝሊን አትቀቡ፣ ቆዳውን አልስልሶ እንዲላጥ ያደርገዋል። ሲወልቅ የሚታየው ቅላት በግማሽ ሰዓት ከጠፋ ደህና ነው፤ ካልጠፋ ወይም ከቆሰለ ብሬሱን የሠራው ባለሙያ ያስተካክለው። ማሰሪያው የሚጠብቀው ባለሙያው ምልክት እስካደረገበት ድረስ ነው፤ የላላ ብሬስ ሙቀት ብቻ ይጨምራል።

እንቅስቃሴን በተመለከተ፣ ለእሷ ጥመት የተለየውን ፊዚዮቴራፒስት ያስተምራት፤ ከስልክ ቪዲዮ የተቀዳ አይሆንም። ስፖርት አትከልክሏት። ዋና ጥሩ ነው፣ አከርካሪ ግን አያቃናም፤ ጣና ዳር ከሆነ ደግሞ ቢልሃርዚያ አለ።

የወር አበባ ከጀመረች ሁለት ዓመት ገደማ ሲሞላ አብዛኛው ቁመት ያልቃል። ያኔ ከ30 ዲግሪ በታች የሆነ ጥመት ብዙ ጊዜ ባለበት ይቆማል። ከ50 በላይ የሆነው ግን በዓመት 1 ዲግሪ ያህል ሊጨምር ስለሚችል፣ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ብትይዝም ክትትሉ አይቋረጥም።