አዲስ ታብ ሲከፈት የሚወጡ ሚስጥሮች፦ በብሮውዘር መነሻ ገጽ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስብሰባ ላይ ላፕቶፑ ከፕሮጀክተር ጋር ተያይዟል እንበል። አቅራቢው ፋይል ሊያወርድ አዲስ ታብ ይከፍታል። ከመፈለጊያው ሳጥን ሥር ስምንት ክብ ምልክቶች በግድግዳው ላይ ይደረደራሉ፦ ጂሜይል፣ ቴሌግራም ዌብ፣ ዩቲዩብ፣ ሁለት የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጾች፣ የአንድ ኤምባሲ የቪዛ ቀጠሮ፣ የስፖርት ውርርድ፣ የኮንዶሚኒየም ሽያጭ። ሁለት ሰከንድ ይበቃል። አለቃውም ባልደረቦቹም ሰውየው ሊሄድ እያሰበ መሆኑን አውቀዋል።

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2005 ያስጀመረውና በ2013 የዘጋው «አይጉግል» የሚባል መነሻ ገጽ ነበር። ባለቤቱ ራሱ የአየር ሁኔታውን፣ ዜናውን፣ የቀን መቁጠሪያውን እየመረጠ ያሰናዳዋል፤ ገጹም ሰውየው ምን መምሰል እንደሚወድ ነበር የሚያሳየው። የዛሬውን ገጽ ግን ብሮውዘሩ (እንደ ክሮምና ፋየርፎክስ ያለው ድረ ገጽ መክፈቻ ፕሮግራም) ነው ከጉብኝት ብዛት ተነስቶ የሚያሰናዳው። የሚያሳየው ምርጫን ሳይሆን ልማድን ነው፤ ልማድ ደግሞ ብዙ ይናገራል።

ምልክቱን ብቻ ማጥፋት

ብዙ ሰው የሚያሳፍረውን ምልክት በኤክስ ያነሳና ተገላገልኩ ይላል። ክሮም ግን ክፍት ቦታ አይወድም፤ በጉብኝት ብዛት ቀጥሎ ያለውን ገጽ ጎትቶ ይተካዋል። አንዳንዴ የተተካው ከተነሳው ይብሳል። መፍትሔው ዝርዝሩ የሚሞላበትን መንገድ መቀየር ነው። በኮምፒዩተር ላይ አዲስ ታብ ይክፈቱ፤ ከታች በስተቀኝ ያለችውን የእርሳስ ምልክት («ካስተማይዝ ክሮም») ይጫኑ፤ «ሾርትከትስ» በሚለው ሥር ወይ ጨርሰው ያጥፉት፣ ወይ «ማይ ሾርትከትስ» የሚለውን መርጠው ገጾቹን በእጅዎ ይሙሉ። ፋየርፎክስ ላይ በሴቲንግስ ውስጥ «ሆም» በሚለው ክፍል ይገኛል።

የአድራሻ ሳጥኑም ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል። አንድ ፊደል ሲነካ የቆየ ገጽ ብቅ ይላል። ጥቆማው ላይ በታች ቀስት ይሂዱና ሺፍትን ይዘው ዲሊትን ይጫኑ። ተመልሶ ከመጣ ቡክማርክ (ለኋላ የተቀመጡ ገጾች ዝርዝር) ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያም ያውጡት።

ኢንኮግኒቶን እንደ መጋረጃ ማየት

ኢንኮግኒቶ የሚባለው የክሮም የግል መስኮት (ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ ኤን) የሚሠራው አንድ ሥራ ነው፦ መስኮቶቹ ሁሉ ሲዘጉ የእነሱን ሂስትሪ (የተከፈቱ ገጾች መዝገብ) እና ኩኪ (ድረ ገጾች እርስዎን ለማስታወስ የሚያስቀምጡት ትንሽ ፋይል) ከዚያ መሣሪያ ላይ ያጠፋል። የቢሮው ኔትወርክና የኢንተርኔት አቅራቢው የድረ ገጹን ስም ያያሉ፤ ከኤችቲቲፒኤስ (መረጃን በሚስጥር ሸፍኖ ከሚያስተላልፈው ዘዴ) የተነሳ የማያዩት ውስጥ ገብተው የትኛውን ገጽ እንዳነበቡ ነው። ኮምፒዩተሩ የመሥሪያ ቤቱ ከሆነና መከታተያ ከተጫነበት ይህም ዋስትና የለውም። ድረ ገጹ ራሱ ደግሞ ያየዎታል፤ በስምዎ ከገቡበት ማንነትዎን ያውቃል። ጉግል በዚሁ ጉዳይ በ2020 ክስ ቀርቦበት፣ በ2024 በስምምነት በቢሊዮን የሚቆጠሩ መዝገቦችን ሊያጠፋ ተስማምቷል።

ነፃ ቪፒኤንም (ግንኙነትን በሌላ ኩባንያ ኮምፒዩተር በኩል የሚያሳልፍ አገልግሎት) እንዲሁ ነው። የሚያየው ሰው ይቀየራል እንጂ የሚያይ አይጠፋም።

በሰው ኮምፒዩተር በራስ አካውንት መግባት

ከሁሉም ብዙ ጣጣ የሚያመጣው ይህ ነው። ኢንተርኔት ካፌ፣ የዘመድ ላፕቶፕ፣ የቢሮ ኮምፒዩተር ላይ ክሮም ውስጥ በግል አካውንት ገብተው ሲንክ (የመሣሪያዎችዎን ሂስትሪና ፓስወርድ አንድ የሚያደርገውን አገልግሎት) ካበሩ፣ ቤት በስልክ የከፈቱት ሁሉ እዚያ ይደርሳል። ፓስወርድም አብሮ ይሄዳል። ማታ አልጋ ላይ ሆነው ስለ አንድ በሽታ ያነበቡት፣ ጠዋት የቢሮው አድራሻ ሳጥን ውስጥ እንደ ጥቆማ ሊመጣ ይችላል።

ካፌ ውስጥ ዲቪ ወይም የፓስፖርት ማመልከቻ ሲሞላ ሌላ ችግር ይጨመራል። ክሮም ስም፣ ስልክና አድራሻን ለሚቀጥለው ቅጽ ብሎ ሊይዝ ይችላል፤ ቀጥሎ የሚቀመጠው ደንበኛ የመጀመሪያውን ፊደል ሲነካ የእርስዎ ስም ይመጣለታል። የወረደው ፒዲኤፍና የተላከው ፎቶም «ዳውንሎድስ» ፎልደር ውስጥ ይቀራሉ። ሂስትሪ ማጥፋት ፋይሉን አያጠፋም፤ ኢንኮግኒቶም አያጠፋውም። ሪሳይክል ቢኑን ጭምር ባዶ ሳያደርጉ ከወንበሩ አይነሱ።

የሚሻለው መንገድ ይህ ነው። ከላይ በስተቀኝ የፕሮፋይል ምልክቱን ተጭነው «ጌስት» የሚለውን ይክፈቱ፤ መስኮቱ ሲዘጋ ሂስትሪውም ኩኪውም አብሮ ይሄዳል። ረስተው ከወጡ ደግሞ ቤትዎ ሆነው ጉግል አካውንት ውስጥ «ሴኩሪቲ» ሥር «ዩር ዲቫይስስ» የሚለውን ከፍተው ያንን ኮምፒዩተር ያስወጡት። ጂሜይል በኮምፒዩተር ሲከፈትም ከገጹ ግርጌ በስተቀኝ «ዲቴይልስ» የምትል ትንሽ ጽሑፍ አለች፤ እሷን ተጭነው በሚከፈተው መስኮት ጂሜይልዎ በሌላ ቦታ ከተከፈተበት ሁሉ በአንድ ጊዜ ማስወጣት ይችላሉ።

ሁሉንም ጠርጎ ማጥፋት

ባዶ ሂስትሪም ወሬ ነው። በየቀኑ በሚሠራበት የጋራ ኮምፒዩተር ላይ የማክሰኞ ከሰዓት ብቻ ከጠፋ፣ የሚፈልግ ሰው ማክሰኞ ከሰዓትን ይጠይቃል። አንድን ድረ ገጽ ብቻ ለማንሳት ኮንትሮልና ኤች ተጭነው የገጹን ስም ይፈልጉ፣ ምልክት ያድርጉና ያጥፉ። ፋየርፎክስ ላይ በቀኝ ክሊክ የሚመጣው የ«ፎርጌት» ትእዛዝ የድረ ገጹን ኩኪም አብሮ ያነሳል። ሲንክ በርቶ ካጠፉ ከስልክዎም እንደሚጠፋ ይወቁ።

ክሮም በመሣሪያው ላይ የሚያሳየው የ90 ቀን ሂስትሪ ነው። ጉግል ዘንድ ያለው ግን የተለየ መዝገብ ነው፤ ከአካውንቱ ውስጥ «ማይ አክቲቪቲ» ገብተው በ3፣ በ18 ወይም በ36 ወር በራሱ እንዲጠፋ ያዙታል።

«ስሜ የለበትም» ብሎ መተማመን

በ2006 ኤኦኤል የተባለው ኩባንያ ከ650,000 በላይ የሆኑ ተጠቃሚዎቹ የፈለጓቸውን ወደ 20 ሚሊዮን ጥያቄዎች ለተመራማሪዎች ብሎ ይፋ አደረገ። ስም በቁጥር ተተክቶ ነበር። ጋዜጠኞች በጥቂት ቀን ውስጥ በጆርጂያ የምትኖር አንዲት ሴት ቤት ደረሱ። ያሳበቀባት የምትኖርባትን ከተማና የቤተሰቧን ስም ደጋግማ መፈለጓ ነው። በ2020 የሞዚላ ተመራማሪዎች የ52,000 ያህል የፋየርፎክስ ተጠቃሚዎችን ልማድ ሲመረምሩ 99 ከመቶው ከሌላው ጋር የማይመሳሰል ሆኖ አግኝተውታል።

ሰዓቱን ደግሞ ማንም ልብ አይለውም። የመጀመሪያው ገጽ የተከፈተበትና የመጨረሻው የተዘጋበት ሰዓት ለአንድ ወር ከተደረደረ፣ ሰውየው መቼ እንደሚተኛ፣ የትኛው ቀን ቤቱ እንደማይገኝ ይታያል። ምን እንዳነበበ ማወቅ እንኳ አያስፈልግም።

ኤክስቴንሽንን አለማየት

አንዳንድ ነፃ ፕሮግራም ሲጫን መነሻ ገጹን የሚቀይር ኤክስቴንሽን (ብሮውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) አብሮ ይገባል። የማያውቁት የፍለጋ ገጽ ከመጣ ይጠርጥሩ። በኤክስቴንሽን ዝርዝሩ ውስጥ በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለ መረጃን «ማንበብና መቀየር» የሚል ፈቃድ ያላቸውንና የማይጠቀሙባቸውን ያውጡ።

የሌላውን ገጽ አይቶ መፍረድ

የባል ወይም የልጅ ሂስትሪ አይቶ ቤት የሚያምስ ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው፣ መዝገቡ የመሣሪያና የአካውንት እንጂ የሰው አለመሆኑን ነው። ተሳስቶ የተነካ ማስታወቂያ የከፈተው ገጽ ሰው አስቦ ከከፈተው እኩል ይጻፋል። አንድ አካውንት በሦስት መሣሪያ ከተከፈተ ደግሞ የታላቅየው የእግር ኳስ ውርርድ አባት ላፕቶፕ ላይ ይቀመጣል። ከመናገርዎ በፊት ሂስትሪው ገጽ ላይ በግራ በኩል «ታብስ ፍሮም አዘር ዲቫይስስ» የሚለውን ይጫኑ፤ የትኞቹ ሌሎች መሣሪያዎች በዚያው አካውንት እንደተከፈቱ በስማቸው ተዘርዝሮ ያገኙታል።