ሰብዉፈሩን ሶፋው ላይ አስቀምጡት

ፊልም ስታዩ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) አንዴ ቤቱን ያናውጣል፣ አንዴ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል? ሌላ ሰብዉፈር (ቤዙን የሚያወጣ ስፒከር) ለመግዛት አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ዕቃው ሳይሆን የተቀመጠበት ቦታ ነው።

ሰብዉፈሩን አንስታችሁ ሶፋው ላይ፣ ልክ እናንተ በምትቀመጡበት ቦታ አድርጉት። ቤዝ ጊታሩ ከወፍራም ወደ ቀጭን ኖታ የሚመላለስበት ዘፈን ክፈቱና በግድግዳው ዙሪያ ወለሉ ላይ እየዳሃችሁ አዳምጡ፤ አዎ፣ መዳህ የግድ ነው፣ ምክንያቱም ጆሯችሁ ሰብዉፈሩ በሚቀመጥበት ከፍታ ላይ መሆን አለበት። አንዱ ጥግ ላይ ድምፁ ያጉረመርማል፣ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ስትሉ ይሳሳል። ሁሉም ኖታ እኩል ጥርት ብሎ የሚሰማበትን ቦታ ስታገኙ ሰብዉፈሩን እዚያ ትከሉት።

ለምን ይሠራል? የ40 ኸርዝ፣ ማለትም የወፍራም ቤዝ፣ የድምፅ ሞገድ ርዝመቱ 8.5 ሜትር ገደማ ነው። ሳሎን ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ አንዱ ቦታ ላይ ይደራረባል፣ ሌላው ላይ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሰብዉፈሩና ጆሯችሁ ቦታ ቢለዋወጡም የሚሰማው ያው ነው።

ለፊት ስፒከሮች ግን ይህን አትሞክሩ። እነሱ ቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ሆነው ወደ መቀመጫችሁ መዞር አለባቸው።