ዶፉ አባርቷል፣ ቤቱ ግን ርሷል፤ ውሃው በየት ገባ?

የሐምሌ ዶፍ አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት እንኳን አይቆይም። በዚያች ግማሽ ሰዓት ግን ኮርኒሱ ይንጠባጠባል፣ ሻወር ቤቱ ጥቁር ውሃ ይተፋል፣ ፍራሹ ይርሳል። ሁላችንም መጀመሪያ የምናነሳው መወልወያ ነው። እባካችሁ ከመወልወያው በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። መብራቱን አጥፉ። ከዚያ ውሃው በየት እንደገባ እዩ። ገና እየወረደ ሳለ መንገዱ ይታያል፣ ከደረቀ በኋላ ግን የሚቀራችሁ ግምት ብቻ ነው። በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹት፤ ነገ ለሚመጣው ባለሙያ ከመቶ ቃል በላይ ይነግረዋል።

ብሬከሩ እየወደቀ ካስቸገረ

ውሃ ሶኬት ውስጥ ወይም ኮርኒስ ላይ ያለው አምፖል ማቀፊያ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። እየደጋገማችሁ አታንሱት። እስከ ብሬከሩ ድረስ ወለሉ ደረቅ ከሆነ ዋናውን አውርዱ። ውሃ የተኛበት ከሆነ ግን እግራችሁን አታስገቡ፤ ከውጭ ሆናችሁ 905 ላይ ለመብራት አገልግሎት ደውሉ። በግድግዳው ውስጥ የሚያልፈው የሽቦ ቱቦ ውሃ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ ላዩ ደረቀ ብላችሁ ሳይሆን ኤሌክትሪሻን ሶኬቱን ከፍቶ አይቶት ነው መልሳችሁ የምታበሩት። ፍሪጅም ከሥሩ ከራሰ እንደዚሁ ነው።

ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ከወጣ፣ ወይም ሆዱን ከነፋ

ሆዱን የነፋ ኮርኒስ ውሃ አቁሯል። ሥሩ አትቁሙ። መብራት ከጠፋ በኋላ ባልዲ አስቀምጡና ወደ ጎን ቆማችሁ ዝቅ ያለውን ቦታ በካቻቪቴ በሳ አድርጉት፣ ውሃው በቀስታ ይውረድ። ካልሆነ ራሱን ችሎ ሲወድቅ ከነቺፑዱ፣ ማለትም ከነኮርኒስ ሰሌዳው ነው የሚወርደው። አንዴ ያበጠ ቺፑድ ደርቆም ወደ ቦታው አይመለስም፣ መቀየር ነው።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ቡናማው ክብ ያለበት ቦታና ውሃው የገባበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። እኛ ቤት ክቡ አልጋው አናት ላይ ነበር። ሦስት ጊዜ ከክቡ በላይ ያለውን ቆርቆሮ አስደፈንን፣ ሦስት ጊዜም መልሶ አፈሰሰ። በአራተኛው የመጣው ሠራተኛ ጣሪያ ላይ ከመውጣቱ በፊት አንድ የኮርኒስ ቁራጭ አነሳና አንገቱን አስገብቶ በስልክ መብራት አየ። ቆርቆሮው የተመታበት እንጨት፣ ሞራሌው ላይ የጠቆረ የውሃ መንገድ ነበር። ተከትሎት ሲሄድ ከአልጋው ሁለት ሜትር ርቆ አንድ የላላ ሚስማር ጋ ደረሰ። የሚስማሩ ጎማ በፀሐይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ በጥፍሩ ነካ ሲያደርገው ተፈረፈረ። ውሃው እዚያ ይገባና ሞራሌውን ይዞ ወርዶ አልጋችን ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ስለዚህ ከሥር ጀምራችሁ መንገዱን ወደ ላይ ተከተሉ። የላላውን ሚስማር በዚያው ቀዳዳ መልሶ መምታት ምንም አይጠቅምም፤ ወፈር ያለ ሚስማር ከነአዲስ ጎማው ይግባ። ሚስማር የሚመታው የቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፣ ውሃ በሚሄድበት ጎድጓዳ ላይ የተመታ ካያችሁ ችግሩን አገኛችሁት። ዝጎ የተበሳ ቆርቆሮን በሬንጅ መለጠፍ ለጊዜው ያግዛል፣ ግን ቆርቆሮውን መቀየሩ አይቀርላችሁም።

ከበረዶ በኋላ ብቻ የሚያፈስ ቤት ደግሞ ሌላ ነው። በረዶው አሸንዳ ውስጥ ይከመርና መውረጃውን ይዘጋዋል፣ ውሃው መሄጃ ሲያጣ በቆርቆሮው ሥር ወደ ኋላ ይገባል። ቆርቆሮው ምንም አልሆነም፣ ጥፋቱ የአሸንዳው ነው። በዝናብ ላይ ጣሪያ አትውጡ፤ ያንሸራትታል። ሲያባራ ከመሰላል ላይ ሆናችሁ ጥረጉት። የባሕር ዛፍ ቅጠልና አፈሩን ግን በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ ነው ማውጣት።

ከሻወር ቤት ወለል ውሃ ወደ ላይ ከወጣ

ይሄ በተለይ የኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ነዋሪዎችን ያስለቅሳል። አንዱ የተለመደ ምክንያት የጣሪያው ውሃ ከፍሳሽ መስመሩ ጋር መገናኘቱ ነው። ዶፍ ሲመጣ ማንሆሉ ይሞላል፣ ውሃውም ዝቅ ያለውን መውጫ ይፈልጋል፤ ያ የእናንተ ወለል ነው። ለጊዜው ጠንካራ ፌስታል ውስጥ አሸዋ ሞልታችሁ ቀዳዳው ላይ ጫኑት፣ ቧንቧም አትክፈቱ። ዘላቂው መፍትሄ አሸንዳውን ከፍሳሹ መለየት፣ ወይም ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ማስገባት ነው። አንድ ቤት ብቻውን የሚወጣው ነገር ስላልሆነ ለኮሚቴው አቅርቡት፣ የላይኞቹም ያዋጡ፤ የሚወርደው የሁሉም ውሃ ነው።

የወጣው ውሃ ሽንት ቤት የነካው ነው። ልጆች አይርገጡት። ቦቲና ጓንት አድርጋችሁ በሳሙና እጠቡ፣ ከዚያ ለ4 ሊትር ውሃ ከሩብ ሊትር ያልበለጠ በረኪና ቀላቅላችሁ አጽዱ። በረኪናውን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር በፍጹም አታደባልቁ፣ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። የራሰው የስፖንጅ ፍራሽ ያሳዝናል፣ ግን ይጣል።

የግድግዳው እግር ከራሰ

ውጡና ከውጭ እዩት። ብዙ ሰፈር ኮብልስቶን ሲነጠፍ መንገዱ ከግቢው ከፍ ብሎ ቀርቷል። አንዳንዱ ቤት ደግሞ አበባ ለመትከል ግድግዳው ሥር አፈር ተከምሯል። አፈሩን ከቤቱ ወለል ዝቅ አድርጉ፣ ውሃው ከግድግዳው ርቆ የሚሄድበት ቦይ ቆፍሩ። ቀለም ለመቀባት አትቸኩሉ። አንድ ቁራጭ ፌስታል ግድግዳው ላይ በፕላስተር ዙሪያውን ለጥፋችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት ከግድግዳው በኩል ካላበው ውስጡ ገና እርጥብ ነው።

የጭቃ ቤት ከሆነ ግን ጉዳዩ የቀለም አይደለም። የራሰ ጭቃ አቅም ያጣል። ግድግዳው ካበጠ ወይም ከሥሩ ከተሰነጠቀ ያን ሌሊት እዚያ አትደሩ። ከአናታችሁ በላይ ያለ የድንጋይ አጥር ካዘነበለም ውጡ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ የእሳትና አደጋ መሥሪያ ቤቱን 939 ላይ ማግኘት ትችላላችሁ።

ቤቱ ከሸተተ

ሻጋታ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይጀምራል። ቁምሳጥንና ሶፋ ከግድግዳ ራቅ ይበሉ። በክረምት ፀሐይ ብልጭ የምትለው ብዙ ጊዜ ጠዋት ነው፤ ያኔ መስኮትና በር ከፍታችሁ አናፍሱ፣ ከሰዓት ሳይዘንብ ዝጉ።

ቤቱን ለማድረቅ ብላችሁ ከሰል አቀጣጥላችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ። ፍሙ ሲቀላ ጭሱ ስለሚጠፋ ሰው ይዘናጋል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይታይም፣ አይሸትም። ቤተሰብ ተኝቶ ሳይነቃ ይቀራል። ለእናቶቻችሁም ለሠራተኞቻችሁም ንገሩልኝ።

እህሉና የመጠጥ ውሃው

ጎርፍ የነካው ጤፍ አይታጠብም፣ አይሰጣም፤ ይጣላል። የሻገተ በርበሬን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ማስፈጨትም ይቅር። ከአንዳንዱ ሻጋታ የሚመጣው አፍላቶክሲን በፀሐይም በማብሰልም አይጠፋም፣ ጉበት ይጎዳል። ዋጋው እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ።

የምድር ታንከራችሁ ውስጥ ጎርፍ ከገባ ውሃውን ድፉ፣ ታንከሩን በሳሙና እጠቡና በበረኪና ውሃ አለቅልቁ፣ ከዚያ ነው መልሶ መሙላት። እስከዚያው የምትጠጡትን ውሃ አፍሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃው ዝቅ ባለ ሙቀት ነው የሚፈላው። ስለዚህ መንተክተክ ሲጀምር ቶሎ አታውርዱት፣ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ።