አሮጌ ፊልም ካሜራ ሲያስቸግር፦ ካቻቢቴ ከማንሳት በፊት

አሮጌ ካሜራ እጄ ሲገባ ወዲያው አልፈታውም። ፊልም ሳላስገባ ጀርባውን እከፍታለሁ፣ ወደ መስኮት አዞረዋለሁ፣ በየፍጥነቱ እየተጫንኩ ድምፁን እሰማለሁ። ቀጥዬ አንድ ፊልም አነሳበታለሁ። "ተበላሽቷል" ከሚባሉት ካሜራዎች ብዙዎቹ ውስጣቸው የተሰበረ ነገር የለም። ዘይታቸው ደርቋል፣ ስፖንጃቸው ሟሟል፣ ወይም የማይሆናቸው ባትሪ ገብቶባቸዋል። የትኛው እንደሆነ ኔጋቲቩ (ታጥቦ የወጣው ፊልም) ራሱ ይናገራል። ስለዚህ ከምልክቱ እንነሳ።

ፎቶው ላይ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ጭረት ይታያል

ብርሃን ሾልኮ ገብቷል ማለት ነው። በየት በኩል? ኔጋቲቩን ወደ ብርሃን አንሱና ጠርዙን እዩ። ብርሃኑ ያጠቆረው ከምስሉ አልፎ እስከ ፊልሙ ጥርስ ቀዳዳዎች ከሄደ ችግሩ ያለው የኋላ ክዳኑ ላይ ነው። በምስሉ ውስጥ ብቻ ተወስኖ ከቀረ ግን ሻተሩን፣ ማለትም በፊልሙ ፊት ተከፍቶ የሚዘጋውን የብርሃን በር፣ ጠርጥሩ። ቀለሙ የሚቀላው ብርሃኑ በፊልሙ ጀርባ በኩል ስለሚገባ ነው። ከለር ፊልም ላይ ቀይ ብርሃን የሚቀበለው ንጣፍ ለጀርባው የቀረበው ነው።

የክዳኑ መንስኤ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ስፖንጁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠሩት የጃፓን ካሜራዎች በክዳኑ ዙሪያ ባሉት ቦዮች ውስጥ ቀጭን ጥቁር ስፖንጅ አላቸው። ይህ ስፖንጅ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደ ሬንጅ ይሆናል። በጣት ሲነኩት ይጣበቃል፤ ሲፍቁት ይፈረፈራል።

ጥገናው ቀላል ነው፤ ጥንቃቄው ግን ብዙ። መጀመሪያ የሻተሩን መጋረጃ በወረቀት ሸፍኑ። ፍርፋሪው መጋረጃው ላይ ከወደቀ ከስፖንጁ የባሰ ጣጣ ያመጣል። ስቲኪኒ ወስዳችሁ ጫፉን እንደ ካቻቢቴ ጠፍጣፋ አድርጉት። አልኮል አስነክታችሁ ከቦዩ አንድ ጫፍ ጀምራችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡ። መጀመሪያ ምንም የሚነሳ አይመስልም። ትንሽ ስትታገሱ ግን ጥቁሩ ነገር እየተጠቀለለ እንደ ትል ይወጣል፤ ከሥሩም ንጹሑ ብረት ብቅ ይላል። ይህን ሥራ በብረት መሣሪያ አትሞክሩት፤ ቀለሙን ይፍቀዋል።

አዲሱ ስፖንጅ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረው ለብዙዎቹ ይበቃል። የሚጣበቀውን ገጽ በአልኮል ብታረጥቡት ቶሎ ስለማይዝ ቦታውን እስኪያገኝ ማንሸራተት ትችላላችሁ። ለጠባቦቹ ቦዮች እኔ ጥቁር የሱፍ ክር እመርጣለሁ። ሱፍ አይሟሟም፤ ሙጫም ብዙ አይፈልግም። ክዳኑ በትንሽ ግፊት መዘጋት አለበት። በግድ የሚዘጋ ከሆነ አብዝታችኋል።

በሌንሱ በኩል መስታወቱ ተነስቶ የሚመታበትንም ስፖንጅ አትርሱ። ከሱ በላይ ያለውን የትኩረት ማያ ግን አልኮል አታስነኩት። ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው፤ ይደበዝዛል።

በየፎቶው በአንድ ቦታ ነጭ ነጥብ አለ

መጋረጃው ተበስቷል። በተለይ መስታወት የሌላቸው፣ በሌንሱ ሳይሆን በተለየ መስኮት የሚታይባቸው ሬንጅ ፋይንደር ካሜራዎች ፀሐይ ላይ ያለ ሌንስ ክዳን ከተተዉ ሌንሱ ጨረሩን ሰብስቦ የጨርቁን መጋረጃ ያቃጥለዋል። ጨለማ ክፍል ግቡ፣ ሌንሱን አውልቁ፣ የስልክ መብራት ከፊት አብሩና በጀርባ በኩል ተመልከቱ። ቀዳዳው እንደ ኮከብ ያበራል። የፊልሙን መሳቢያ ስባችሁ ድገሙት፤ መጋረጃው ሁለት ነውና። ጥቁር የጨርቅ ቀለም በመርፌ ጫፍ፣ በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። ወፍራም ከሆነ መጋረጃው ሲጠቀለል ይያዛል፤ ፍጥነቱም ይዛባል።

በ1/1000 ሰከንድ ሲነሳ የፎቶው አንድ ጎን ይጨልማል

ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ፈጣን ፍጥነት ላይ ሁለቱ መጋረጃዎች በመሀላቸው ጠባብ ክፍተት ይዘው ይሮጣሉ። የመጀመሪያው ከዘገየ ሁለተኛው ይደርስበታል፤ ክፍተቱም ይዘጋል። ለማረጋገጥ ነጭ ግድግዳ በ1/1000፣ በ1/500 እና በ1/125 አንሱ። ጨለማው ፍጥነቱ ሲቀንስ ከጠፋ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ብዙዎች ወዲያው የመጋረጃውን ሞላ ያጠብቃሉ። እባካችሁ አታድርጉት። ሞላው ደክሞ ሳይሆን መሽከርከሪያው ላይ ያለው አሮጌ ዘይት ሙጫ ሆኖ ሊሆን ይችላል። የቆሸሸን ነገር በኃይል ማስሮጥ ደግሞ ማርሹን መብላት ነው። መጀመሪያ የታችኛውን ክዳን ከፍታችሁ የመሽከርከሪያዎቹን ጫፍ በላይተር ቤንዚን አጽዱ። የሰዓት ዘይት በመርፌ ጫፍ አስነኩ። ሻተሩን ሃምሳ ጊዜ ያህል ተኩሱና እንደገና ሞክሩ። ሞላው የሚነካው ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተለወጠ ብቻ ነው፤ ያኔም በጥቂት በጥቂቱ፣ የነበረበትን ቦታ ምልክት አድርጋችሁ።

የአንድ ሰከንዱ ፍጥነት መሀል ላይ ይቆማል

ዝግተኛ ፍጥነቶችን የሚቆጣጠረው ልክ እንደ ሰዓት የሚቆጥር የጥርስ ስብስብ ነው። ድምፁን ስሙት። ጤነኛው እኩል እየዘመረ ይሄዳል፤ የደረቀው ያቃስታል፣ ይቆማል፣ ነካ ሲያደርጉት ይቀጥላል። እዚህም ፍቱኑ ማጽዳት ነው።

በስልካችሁ ልትለኩትም ትችላላችሁ። በሰከንድ 240 ምስል የሚቀርጽ ስሎው ሞሽን ካለው የሻተሩን መከፈት ቅረጹና ክፍት የሆኑትን ምስሎች ቁጠሩ። 1/30 ስምንት ያህል፣ 1/60 አራት ያህል መስጠት አለበት። በ1/30 አሥራ ስድስት ካገኛችሁ ፎቶዎቻችሁ አንድ ስቶፕ (በእጥፍ ብርሃን) በርተው የሚወጡበት ምክንያት ተገኘ።

ሻተሩ ሌንሱ ውስጥ ከሆነና የሚከፈቱት ስስ ቅጠሎቹ ተጣብቀው ከቀሩ ቅጠሎቹ ላይ ዘይት አለ ማለት ነው። ቅጠል በደረቁ ነው የሚሠራው። የላይተር ቤንዚን በጥጥ እያስነካችሁ ዘይቱ እስኪጠፋ ጥረጉ። ዘይት በጭራሽ አትጨምሩ።

ላይት ሜትሩ (የብርሃን ቆጣሪው) ይሠራል፤ ፎቶው ግን ይጨልማል

የ1960ዎቹና የ70ዎቹ ብዙ ካሜራዎች የተሠሩት 1.35 ቮልት ለሚሰጥ የሜርኩሪ ባትሪ ነው። ያ ባትሪ ዛሬ አይመረትም፤ ሜርኩሪ መርዝ ስለሆነ ታግዷል። በምትኩ 1.5 ቮልት አልካላይን ሲገባ ቆጣሪው ብርሃኑን አብዝቶ ያነባል። በዚያ ላይ አልካላይን እያለቀ ሲሄድ ቮልቱ ስለሚወርድ ስህተቱ በየቀኑ ይለያያል። 675 የሚባለው የመስሚያ መርጃ ባትሪ 1.4 ቮልት ይሰጣል፤ የጎማ ቀለበት ዙሪያውን አድርጋችሁ ክተቱት። ዕድሜው አጭር ነው፤ ንባቡ ግን እስከ መጨረሻው አይዋዥቅም። ፔንታክስ ስፖትማቲክ ያላችሁ በዚህ አትጨነቁ፤ የቆጣሪው አሠራር የቮልት ልዩነትን ይችላል።

ቆጣሪው ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ የባትሪውን ቤት ክፈቱ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ካለ የፈሰሰ ባትሪ ነው። በኮምጣጤ አጽዱ፣ በአልኮል ጨርሱ። ከሥር ያለው ሽቦ ተበልቶ ከሆነ በስታኞ ይበየዳል። እንደ ዘኒት ኢ ያሉት፣ ቆጣሪያቸው ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ በሚቀይር ሴሌኒየም የሚሠራ ደግሞ ባትሪ የላቸውም። ሴሌኒየሙ ከሞተ ካሜራውን አትጣሉት፤ ሻተሩ ያለሱ ይሠራል፤ ብርሃኑን በስልክ መለካት ይበቃል።

ያልተበላሸውን ተበላሸ የሚያስብሉ ሁለት ነገሮችም አሉ። ካኖን ኤኢ 1 ባለ 6 ቮልት ባትሪው ካለቀ ሻተሩ አይተኮስም፤ ሌላ ነገር ከመነካካት በፊት ባትሪ ቀይሩ። ዞርኪ 4 ላይ ደግሞ ፍጥነቱ የሚቀየረው ፊልሙ ወደፊት ከተሳበ በኋላ ብቻ ነው። ሳይሳብ ማዞር ዘዴውን ይሰብራል።

ሌንሱ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር አለ

ሻጋታ ነው። ጨለማና እርጥበት ይወዳል። ትንሽ ከሆነ ፎቶው ላይ ላይታይ ይችላል፤ ፀሐይ ከፊት ስትሆን ግን ምስሉን ያደበዝዛል። ሌንሱ ተፈትቶ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይጸዳል። ቆይቶ በብርጭቆው ላይ የተለበሰውን ስስ ቅባት በልቶ ከሆነ የበላው ቦታ አይመለስም። እያንዳንዱን ቀለበት ስትፈቱ ፎቶ አንሱ፤ ሁለቱ የትኩረት ጥርሶች የሚላቀቁበትን ነጥብም በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ያ ነጥብ ከጠፋ ሌንሱ ሩቁን አያጠራም።

ብርጭቆው ቢጫ ሆኖ ከሆነ ግን አትፍቱት። እንደ አንዳንዶቹ ሱፐር ታኩማር 50 ሚሊ ሜትር ሌንሶች ቶሪየም የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ያለበት ሊሆን ይችላል። ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ ለጥቂት ሳምንታት አስቀምጡት፤ ቢጫው ቀስ እያለ ይለቃል።

ስለ መሣሪያ አንድ ነገር። የጃፓን ካሜራ መስቀለኛ ብሎን ከተለመደው ካቻቢቴ ጋር በደንብ አይገጥምም። ተንሸራቶ ራሱን ይበላዋል። ጄአይኤስ የሚባለውን፣ ለጃፓን ብሎን የተሠራውን ግዙ። ውስጡ ፍላሽ ያለውን ካሜራ ደግሞ ሳታውቁበት አትክፈቱ። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተር ባትሪው ወጥቶም 300 ቮልት ያህል ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ቆዳው ተሰነጣጥቋል

እኔ ይህን የመጨረሻ አደርገዋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ብሎኖች ከቆዳው ሥር ተደብቀዋል። አሮጌውን ሳትቀዱ በቀስታ አንሱት፤ ለአዲሱ ቅርጽ ማውጫ ይሆናችኋል። ከ1 ሚሊ ሜትር ያልወፈረ ቆዳ ምረጡ፤ የወፈረው ጠርዝ ላይ ይነሳል። ማስቲሹን በስሱ ቀቡ፤ ከመሀል ወደ ጠርዝ በአውራ ጣት እየተጫናችሁ አስተኙት። በማግስቱ አንድ ፊልም ክተቱ፤ እያንዳንዱን ፎቶ በስንት ፍጥነትና በስንት አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) እንዳነሳችሁት ጻፉ። ኔጋቲቩ ሲታጠብ ከማስታወሻው ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩት።